ገላዋ የመሰከረባት ሴት

የሺሃረግን የማያውቅ ሰው መንገድ ላይ ሲያያት ከጓዳዋ ቅቤ የማይጠፋ ሴት ትመስለዋለች። ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ ክንዷ ሞላ ያለ ነው፤ ሌላዋን ሴት አራት ጊዜ የሚዞር መቀነት እሷን ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ያልቃል። ላሊበላ ውስጥ እንዲህ ያለ ገላ የሚታየው ወይ በሆቴል ባለቤት ላይ ነው፣ ወይ በሆቴል ባለቤት ሚስት ላይ። የሺሃረግ ግን የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። እሱም እንግዳ ሲኖር ነው። እንግዳ ደግሞ ከጦርነቱ ወዲህ እንደ በጋ ደመና ሆኗል፤ ይታያል እንጂ አይዘንብም።

ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው። ባሏ ቱሪስት በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣ ሰው ነበር፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፣ ትሕትና። ጦርነቱ ሁለት ዓመት ባይበላባት ኖሮ ትሕትና ይኼኔ ትምህርቷን ጨርሳ ነበር። አሁን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ፈተናዋ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው።

መሬት የላቸውም። ከከተማው ጠርዝ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ ክፍል ቤት አላቸው። ያችን ቤት ሁለት ዓመት ያቆማት ደመወዙ አልነበረም፤ የእርዳታው ስንዴ ነበር። ስንዴው በየወሩ ይመጣል፤ የሺሃረግ ታበጥረዋለች፣ ታስፈጨዋለች፣ ቂጣ ይሆናል፣ ንፍሮ ይሆናል፣ ወሩ እንደምንም ያልፋል። ስንዴው ካለ ትሕትና ትማራለች፤ ከሌለ አትማርም። ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ አልነበረም።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ጧት፣ የአዲሱ ዓመት ዝርዝር በቀበሌው ግቢ ተነበበ። የሚያነበው የኮሚቴው ሰብሳቢ ደባሱ ነው፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ እያንዳንዱን ስም እንደ ዳዊት ያዜመዋል። በመጀመሪያ የተጠራችው የየሺሃረግ ጎረቤት ስሜነሽ ናት። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ወረቀቱ አለቀ። የሺሃረግ ትንሽ ጠበቀች፤ ደባሱ ወረቀቱን ሲያጥፍ ግን ቀረበችው።

«ጋሼ ደባሱ፣ የእኔን ስም የዘለሉት መሰለኝ።»

«አልዘለልኩም።»

«ታዲያ?»

ደባሱ መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሰው ፊት ሲናገር ድምፁ ይጨምራል። «እንግዲህ አትቀየሚኝ የሺሃረግ። ዘንድሮ ቁጥሩ ተቀንሷል። የባሰበትን ለዩ ተባልን። አንቺን ጽፌ ነገ የበላይ ሰው መጥቶ ቢያይሽ፣ ‹የራባት ይቺ ናት ወይ?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ርቧታል ብለው ይመልሳሉ።»

«አፍሽ ራበኝ ይላል፤ ገላሽ ጠገብኩ ይላል። ኮሚቴው የቱን ይመን?»

ሰዉ ሳቀ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ ማን እንደሆነች የሺሃረግ ዞራ አላየችም፣ «ሁዳዴውንስ እንደገባችበት አይደል የወጣችው?» አለች። ሳቁ ጨመረ። የሺሃረግ ሃምሳ አምስቱን ቀን አንድም ሳታጎድል ጾማለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳትቀምስ አንሶላ ስታጥብ ውላለች። ነገር ግን ይህን ማንም አላየም። የሚታየው ክንዷ ነው።

ደባሱም ሳቁ ትንሽ ከበደው መሰል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሽታ ከሆነ ግን ሌላ ነው» አላት። «እብጠት ነው የሚል ወረቀት ከጤና ጣቢያ አምጪ፤ በአቅመ ደካማ እንጽፍሻለን። አቤቱታ የምንሰማው በግንቦት ሚካኤል ማግስት ነው። ሦስት ሳምንት አለሽ።»

የሺሃረግ እሺ ብላ ሄደች። እሺ ማለት ለምዳለች።

ገላዋ ሲመሰክርባት የመጀመሪያዋ አልነበረም። የተወለደችው ሙጃ አጠገብ ነው፤ አባቷ ገላው ግዙፍ ስለነበረ ሀገሩ «ጎታ» ነበር የሚለው። ጎታ ተብሎ፣ ጎታው ግን ከመጋቢት በኋላ ሁልጊዜ ባዶ ነበር። እናቱም ሰፊ ነበረች ይባላል፤ እህቶቹም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የሺሃረግ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ እሷንና ታናሽ ወንድሟን ይዞ እርዳታ የሚሰጥበት ሜዳ ድረስ በእግር ወሰዳቸው። እዚያ ልጆችን በሚዛን ይሰቅላሉ። ወንድሟ ተሰቅሎ ተመዘገበ፤ ገንፎ የሚያስገኝ ክር እጁ ላይ ታሰረለት። እሷ ስትሰቀል የሚመዝነው ሰው መርፌውን አየና «ይቺ ደህና ናት» ብሎ አወረዳት። ከቤቷ ከወጣች አራት ቀን ሆኗት ነበር፤ ከቆሎ በቀር አልቀመሰችም። ወንድሟ ገንፎውን በሳህን እያመጣ ከድንኳኑ ጀርባ ግማሹን ያበላት ነበር። እሷ በሕይወት የቆየችው በእሱ ክሳት ነው፤ ይህንን ራሷ ነው የምትለው።

በዚያው ዓመት ታላቅ እህቷን አለሜን አንዲት አክስት ወደ ጋሸና ወሰደቻት። አክስቲቱ መገንጠያው ላይ ለሾፌሮች ምግብ ትሸጥ ነበር። አለሜ እዚያው ቀረች፣ እዚያው አደገች፣ አሁን ምግብ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። የሺሃረግ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ፣ ከብት ጠብቃ፣ እንጨት ለቅማ፣ አግብታ ላሊበላ ወረደች። ሁለቱ እህቶች በዓመት አንዴ ቢገናኙ ነው።

ያን ሰኞ ማታ የሺሃረግ በስልክ የሆነውን ነገረቻት።

«ትሕትናን ላኪልኝ» አለች አለሜ። «እዚህ ሰው እፈልጋለሁ። ሰሃን ታቀርባለች፣ ሆዷ ሞልቶ ታድራለች፣ ላንቺም የሚላክ ይኖራታል።»

«ፈተና አለባት እኮ እትዬ።»

«ፈተናውን ምን እየበላች ልትፈተን ነው? ስንዴው መለስ ካለ ይሁን፣ ካልሆነ ግን በሚካኤል መጥቼ እወስዳታለሁ። ሁለታችሁም ከምትራቡ አንዳችሁ ትብላ።»

የሺሃረግ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ትሕትና ጥግ ላይ ደብተሯን ይዛ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች፤ ቀና አላለችም።

ማክሰኞ የሺሃረግ ጤና ጣቢያ ሄደች። ያገኘቻት ነርስ ሲስተር ቶይባ ትባላለች፤ ከታች፣ ከወልድያ በኩል የመጣች ወጣት ናት። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ የምታስር፣ ነጭ ጋዋኗ ውስጥ ያለች የማትመስል ቀጭን። ሚዛን ላይ አወጣቻት። ዘጠና አንድ።

«እናቴ፣ ምን ይመገባሉ?»

«ያገኘሁትን።»

«እሱን ሁሉም ይለኛል። የትናንቱን ከጧት ጀምረው ይንገሩኝ።»

የሺሃረግ ነገረቻት። ጧት ሻይ። ሆቴሉ ስትደርስ ሻይ። ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሻይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ፣ ሥራ ስትጨርስ ሻይ። ማታ ከልጇ ጋር ግማሽ ቂጣ በድልህ።

«ምሳ የለም?»

«ምሳ አይሰጡም። ሻይ ግን በነጻ ነው፤ ስኳሩም። የፈለግሽውን ያህል።»

ቶይባ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ስንት ማንኪያ ያደርጉበታል?»

«አራት። እጄ ከተንቀጠቀጠ አምስት።»

«በቀን ስንት ብርጭቆ?»

«ስድስት። ሰባት።»

ቶይባ በልቧ ደመረችና ቀና አለች። «ሠላሳ ማንኪያ ስኳር ማለት እኮ ነው፤ በየቀኑ። ይኸውልዎት፣ አገኘነው።»

«አላገኘሽውም ልጄ። አብራኝ የምታጥብ ሴት አለች፤ ከእኔ እኩል ነው የምትጠጣው። ነፋስ ይወስዳታል።»

ቶይባ ሳቀች። «እሱም እውነት ነው። እኔም እናቴ ቤት ስሄድ ቁርሴ ገንፎ በቅቤ ነው፤ ምሳም እራትም አይቀረኝም፤ ይኸው እንደ ቀርከሃ ቆሜያለሁ። እናቴም እንዲሁ ናት። ሙሽራ ሆና እንኳ ክንዷ አልሞላም ብለው ይስቁባት ነበር።»

«እንግዲያ ዘር ነው በይኛ።»

«ዘርም ነው። ሻይም ነው።»

«የቱ ይበልጣል?»

«የእርስዎን ለይቼ ልነግርዎት አልችልም፤ ተደባልቆ ነው የሚመጣው። አባትዎ የሰጡዎት ገላ ያገኘውን የማይለቅ ገላ ነው። ስኳሩ ደግሞ የማይለቀውን ነገር ያመጣለታል። ለሌላዋ የሚያልፍ፣ በእርስዎ ላይ ይቀመጣል። አባትዎን መለወጥ አንችልም፤ መነጋገር የምንችለው ስለ ስኳሩ ነው።»

«ስኳሩን ብተው ምሳዬ ምን ይሆናል?»

ቶይባ ወረቀቷን አየች። የየሺሃረግን ደም ግፊት ለካች፤ ትንሽ ከፍ ብሏል። እግሯን ጫን አድርጋ አየች፤ እብጠት አይደለም። «ውሸት ልጽፍልዎት አልችልም» አለቻት ቀስ ብላ። «እብጠት የለብዎትም።»

«ድሃ ናት ብለሽስ?»

«ለሱ ማህተም የለኝም እናቴ።»

የሺሃረግ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ነርሷ ላይ አልተቀየመችም። እንዲያውም ምን ትበያለሽ ብሎ እስከ መጨረሻው የሰማት ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ቁልቁለቱን ስትወርድ ጉልበቷን እያመማት አንድ ነገር አሰበች። ወረቀት የለም። ኮሚቴው የሚያነበው ገላ ብቻ ነው። እንግዲያ ገላውን ማክሳት ነው። ሦስት ሳምንት አላት፤ ሰው በሦስት ሳምንት ይከሳል፤ ታማ የተነሳች ሴት አይታለች፣ ጉንጯ በአሥር ቀን ሲጎድል። ስኳሩን ነርሷ እንዳለችው ትተወዋለች። ቂጣውንም ለትሕትና ትተወዋለች። የዚያን ጊዜ ደባሱ ሲያያት የራባት ትመስላለች። ርቧት እያለ የራባት መምሰል ነበር የቀራት።

ከማግስቱ ጀመረች። ሆቴል ውስጥ ሻዩን ያለ ስኳር ስትጠጣ የወጥ ቤቱ ሠራተኞች ሳቁ፤ «ምነው እንደ ፈረንጅ፣ ውጭ ሀገር ልትሄጂ ነው?» አሏት። በሦስተኛው ቀን ራሷን ይፈልጣት ጀመር። በአምስተኛው ቀን እርጥብ አንሶላ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ዓይኗ ጨለመባትና ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ማታ ማታ ትሕትና ቂጣውን ከሁለት ትቆርሰዋለች፤ የሺሃረግ «እዚያ በልቻለሁ» ትላለች። ትሕትና የእናቷን ፊት ታየዋለች፤ አታምናትም፤ ግን ርቧት ነበርና ትበላዋለች። መቀነቱ ከሳምንት በኋላ ጣት የሚያህል ተረፈ። ጣት የሚያህል። ለዚያ ሁሉ።

ችግሩ ወቅቱ ነበር። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው በዓለ ሃምሳ ነው። ረቡዕም ዓርብም የለም፤ ቄሱም ዲያቆኑም የሚበላበት፣ ክርስቲያን መጾም የማይፈቀድለት ጊዜ ነው። እሷ ያን ጊዜ መርጣ አልነበረም የጀመረችው፤ ኮሚቴው ነው የመረጠላት።

የግንቦት ልደታ ዕለት ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቀለ። ጨፌ ተጎዝጉዞ፣ ሰዉ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። የባረከው ቄስ ወንድምአገኝ ነው፤ የየሺሃረግ የንስሐ አባት፣ ደግሞም ከኮሚቴው ሦስት አባላት አንዱ። ንፍሮው ሲታደል የሺሃረግ እፍኟን ተቀብላ ለጎረቤት ልጅ አሻገረችው። ዳቦ መጣ፤ «ይቅርብኝ» አለች።

ጎረቤቷ ስሜነሽ አጠገቧ ነበረች። ስሜነሽ እንደ ሸምበቆ ቀጭን ናት፤ አይታ የማታውቃት ሴት ሁሉ «እግዜር ይርዳሽ» ብላ ታልፋታለች። ልጇ ግን የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከቤቷ የሽንኩርትና የዘይት ሽታ ብዙ ቀን ይወጣል። «ምነው የሺዬ?» አለቻት ዳቦዋን እየገመጠች። «እኔ ስበላ ሥጋው ወደ አንቺ ይሄዳል አይደል? እስቲ ዛሬ አንቺ ብዪና ወደ እኔ ይምጣ።»

ሰዉ ሳቀ፤ የሺሃረግም ፈገግ አለች። ቄስ ወንድምአገኝ ግን አልሳቀም። ሲበተኑ ጠራት።

«ልጄ፣ በልደታ ቀን ንፍሮ የሚመልስ አላየሁም። ታመሻል?»

«አልታመምኩም አባ።»

«ጾም ይዘሻል? በበዓለ ሃምሳ መጾም ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ። ስለት ከሆነ ንገሪኝ፤ እፈታሻለሁ።»

የሺሃረግ መሬቱን አየች። ለንስሐ አባት አይዋሽም። «ስለት አይደለም አባ። ለመዝገቡ ነው።»

«ለየትኛው መዝገብ?»

«ለስንዴው። ገላሽ ጠገብኩ ይላል ተብዬ አይደል የወጣሁት? እርስዎም ነበሩ። ትንሽ ከሳሁ እንደሆን ብዬ ነው።»

ቄስ ወንድምአገኝ ግንባሩን ቋጠረ። የሺሃረግ የተቆጣ መሰላት። መስቀሉን ዘርግቶ ግንባሯን ካሳለማት በኋላ፣ «ሂጂ ብዪ» አላት፤ «ይህ ትእዛዝ ነው።» ማታ ሙሉ ቂጣ በላች፤ እንቅልፏ ጥሩ ነበር፤ ጧት ግን በመቀነቱ ያገኘችውን ጣት የሚያህል ያጣችው መሰላት።

የሚካኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ አለሜ ከጋሸና መጣች፤ ትሕትናን ልትወስድ። ከሚኒባሱ ስትወርድ ረዳቱ በአንድ በኩል፣ ተሳፋሪ በሌላ በኩል ደገፏት። ቤት ገብታ ከእህቷ ጎን ስትቀመጥ መደቡ ሞላ። ያው ትከሻ፣ ያው ክንድ፣ ያው ከወገብ በታች መስፋት፤ አለሜ ልብሷ ውድ ነው፣ ጥርሷ ወርቅ አለው እንጂ ከኋላ ያየ አይለያቸውም።

ትሕትና ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር። ድንገት ቀና ብላ ሁለቱን አየቻቸውና ሳቀች። ብዙ ቀን ሳትስቅ ቆይታ ነበር።

«ምን ያስቅሻል?» አለች አለሜ።

«መምህራችን እናንተን ቢያገኝ ደስ ይለው ነበር። ባዮሎጂ ላይ ያለውን ነው። አንድ ነገር ከዘር ይሁን ከኑሮ ለማወቅ ሲፈልጉ ተለያይተው ያደጉ ወንድማማቾች ይፈልጋሉ ብሎናል። አንዱ ሲጠግብ፣ አንዱ ሲራብ ያደጉ። ከዚያ ያስተያዩዋቸዋል።»

«እና እኛ ምን ወጣን?» አለች አለሜ።

«አንድ ወጣችሁ።»

አለሜ ሳቀች። የሺሃረግ አልሳቀችም። ልጇን እያየች ነበር፣ ከዚያ እህቷን። «እትዬ» አለች፣ «ነገ ጧት ከመሄድሽ በፊት ከእኔ ጋር አንድ ቦታ ትደርሻለሽ።»

በማግስቱ የቀበሌው ግቢ ሞልቶ ነበር። አቤቱታ የሚያቀርበውም፣ ሊያይ የመጣውም፣ ስሜ እንዳይነካ ብሎ የሚጠብቀውም። ስሜነሽም ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከጠረጴዛው ኋላ ደባሱ፣ ቄስ ወንድምአገኝና አንዲት የሴቶች ተወካይ ተቀምጠዋል። የየሺሃረግ ተራ ሲደርስ ሁለቱ እህቶች ጎን ለጎን ቀረቡ፤ ሰዉ መንገድ ለመልቀቅ ተገፋፋ።

«ወረቀቱን አመጣሽ?» አለ ደባሱ።

«ወረቀት የለም። እህቴን ነው ያመጣሁት።»

ደባሱ መነጽሩን አስተካክሎ አለሜን ከላይ እስከ ታች አያት። «እኔ አንድ ወፍራም እንዴት እንጻፍ ስል አንቺ ሁለት ታመጪልኛለሽ?»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። አለሜ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከሾፌር ጋር ቃል ስትመላለስ ያደገች ሴት ናት፤ ሳቅ አያስደነግጣትም።

«ስማኝ አንተ ሰውዬ። እኔ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ሾፌር የሚበላውን እየበላሁ ነው ያደግሁት። ጥብስ እንኳ ሰልችቶኝ ያውቃል። እሷ ሙጃ ቀርታ ቆሎ እየቆረጠመች አደገች፤ አሁንም ሻይ እየጠጣች ትውላለች። ይኸው ቆመናል። ማናችን እንደበላን ማናችን እንዳልበላን ለይና ንገረን።»

«ሁለታችሁም የበላችሁ ነው የምትመስሉት።»

«አንተ በሬ ገዝተህ ታውቃለህ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ገበሬ አይደለሁ?»

«ስትገዛ ምን ትጠይቃለህ?»

ደባሱ ተጠራጠረ። «እናቱን። የማን ላም ልጅ እንደሆነ።»

«ለምን?»

ከሰዉ መሃል አንድ ሽማግሌ፣ «ሥጋው ከእናቱ ነዋ የሚመጣው» አለ።

«ይባረኩ አባቴ። አንተም ሰውዬ፣ በድርቅ ዓመት ገለባ እየበላ ጎድኑ የማይታይ በሬ ታውቃለህ፤ ድርቆሽ ተከምሮለት አጥንቱ የሚቆጠርም ታውቃለህ። ለከብት ያወቅኸውን ለእህቴ እንዴት አጣኸው?»

ይህኛው አላሳቀም። ሰዉ እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ፤ የእገሌ በሬ፣ የእገሌ ጥጃ። ደባሱ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ቄስ ወንድምአገኝ እጁን አነሳ።

«ይቺ ሴት በበዓለ ሃምሳ ጾማለች» አለ። «ስለት የለባትም። እኛ ዓይን ውስጥ ለመግባት ነው። የጾም መፍቻ ጊዜ ላይ ያስጾምናት እኛ ነን፤ እኔም ፈርሜበታለሁ።» ደባሱ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ይሁን፣ አምነናል። ግን ዝርዝሩ ሙሉ ነው። አንድ ስም ካልወጣ አንድ ስም አይገባም፤ ይህ የእኔ ሥልጣን አይደለም።» ዓይኑ ግድግዳው ጋ ሄደ። «የሺሃረግ፣ ስሜነሽ ጎረቤትሽ ናት፤ ጓዳዋን ታውቂዋለሽ። ልጇ ይልክላታል፣ ትበላለች፣ ትጠጣለች የሚሉ አሉ። እኛ ክሳቷን አይተን ጻፍናት። እውነት ነው በይና አሁኑኑ አንቺን በእሷ ቦታ ልጻፍሽ።»

ስሜነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

የሺሃረግ እውነቱን ታውቃለች። ዘይቱን ታሸታለች፤ ልጁ ሲመጣ የሚያወርደውን ካርቶን አይታለች። አንድ ቃል ነው፤ ከዚያ ትሕትና እስከ ሰኔ ትማራለች። አለሜ በክንዷ ጎሰመቻት፤ «ተናገሪ እንጂ» አለቻት በሹክሹክታ። ግን ልጁ የሚመጣው መቼ መቼ ነው? ካለፈው ጥምቀት ወዲህ መጥቷል ወይ? አታውቅም። ስሜነሽ የምታስለውስ ሳል? መንገድ በተዘጋበት በጦርነቱ ጊዜ፣ ስሜነሽ የመጨረሻ ምስሯን በስኒ ሰፍራ በአጥር በላይ አቀብላታለች፤ ያን ጊዜም ቀጭን ነበረች፤ ያን ጊዜም የሺሃረግ ወፍራም ነበረች፤ ስሜነሽ ግን ክንዷን አይታ አልከለከለቻትም።

«እኔ የሰው ሆድ አልቆጥርም» አለች የሺሃረግ።

«ምን?»

«የእኔ ሲቆጠር አይቼዋለሁ። የእሷን እኔ አልቆጥርም። የምትጽፉኝ ከሆነ ጻፉኝ፤ ካልሆነም ልሂድ፤ ሥራ አለኝ።»

አለሜ በረጅሙ ተነፈሰች። ደባሱ ግራ ተጋባ። የሴቶች ተወካይዋ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር፤ አሁን ጎንበስ ብላ ለቄሱ አንድ ነገር አለችው። ቄሱ ራሱን ነቀነቀ።

«ስሜነሽ» አለ፣ «ስምሽ አይሰረዝም። ነገር ግን የአንቺ ድርሻ በአንቺ ስም ይወጣና ለሁለት ይካፈል። ግማሹ ላንቺ፣ ግማሹ ለየሺሃረግ። እንዲህ ያደረጉ ሌሎችም አሉ። ምን ትያለሽ?»

«ግማሹ ለምኔ ይበቃኛል አባ?»

ስሜነሽ የሺሃረግን አየቻት። ፊቷ ላይ ምስጋናም ቁጣም ነበረ፤ የቱ እንደሚበልጥ ራሷም የምታውቅ አትመስልም ነበር። «ይሁን እንግዲህ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለአሥር ቀን ያህል የሺሃረግን አላናገረቻትም። በአሥራ አንደኛው ቀን ስንዴው ሲመጣ በአንድ ጣሳ ሰፍራ፣ አንድ ለእኔ አንድ ላንቺ እያለች፣ ልኩን ሳታዛባ አካፈለቻት።

አለሜ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወደ ጋሸና ተመለሰች። የሺሃረግ እስከ መናኸሪያው ሸኘቻት፤ ሁለቱም በየሃምሳ እርምጃው ይቆማሉ፣ ሁለቱም ጉልበታቸውን ይይዛሉ።

«ሞኝ ነሽ» አለች አለሜ። «ሙሉውን ትወስጂ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ግማሽ እስከ መቼ ያደርሳችኋል?»

«ለሁለት ከሆነ እስከ ወሩ እኩሌታ። ለእኔ ካነሰልኝ እስከ ወሩ መጨረሻ። ፈተናውን ትፈተናለች።»

«ያለ ስኳር ደግሞ ልትሞቺ ነው?»

«ስኳሩን መልሼ ጀምሬያለሁ። ሁለት ማንኪያ። ነርሷ ስታየኝ አትቆጣም ይሆናል።»

ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ ጋሸና ጋሸና ይላል። አለሜ እግሯን መረገጫው ላይ አድርጋ ዞረች። «ከሰኔ በኋላስ?»

«ከሰኔ በኋላ ክረምት ነው» አለች የሺሃረግ። «እንግዳ የለም።»

«እኔ ስልክሽን እጠብቃለሁ።»

«እደውላለሁ።»

ረዳቱና አንድ ሰው አለሜን ደግፈው አስገቧት። ረዳቱ የሺሃረግንም ክንዷን ያዝ አድርጎ ሊያስገባት ሲል፣ «እኔ አልሄድም» አለችው። «እህትማማች መስላችሁኝ ነው እናቴ» አለ ልጁ።

«ነን» አለችው።

ወደ ቤቷ ስትወርድ ፀሐዩ ከብዶ ነበር። ትሕትና በሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሻንጣው ያወጣቻቸውን ልብሶች ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቅላለች፤ ደብተሯ ጭኗ ላይ ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምታጠናውን በቃሏ እየያዘች። እናቷ ስታልፍ እግሯን ሰበሰበችላት እንጂ ቀና አላለችም። የሺሃረግ ገብታ ለማግስቱ ሥራ የምታደርገውን ላስቲክ ጫማ ፈልጋ አገኘችና፣ አፉ የተቀደደውን በክር ልትሰፋ ብርሃኑ ወዳለበት ተጠግታ ተቀመጠች።